ስለ ጎልፍ ተጫዋቹ ስለ ባይረን ኔልሰንና ስለ ሚስቱ ስለ ሉዊዝ

የጨዋታ ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይረባል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ታሪኩን የምንጽፍለት ሰው ከሌሎች ተጫዋቾች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዋንጫ ለመሰብሰብ ሳይሆን ከሚስቱ ጋራ የሚኖርበትን የከብት ማርቢያ መሬት ለመግዛት የተጫወተ መሆኑ ነው። ይህ ሰው አሜሪካዊው ሚስተር ባይረን ኔልሰን ነው። በ1945 ዓመት 11 ውድድሮችን በተከታታይ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ያሸነፋቸው ሁሉ ሲቈጠሩ 18 ሆኑ። ከዚያ ወዲህ 80 ዓመት ሲያልፍ በአሜሪካ ዋና የውድድር ማኅበር ከሚጫወቱት አንዱ እንኳ ከነዚህ ከሁለቱ ቍጥሮች አልደረሰም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ጎልፍን በዓይኑ ላላየ ሰው ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ጨዋታው በሰፊ መስክ ላይ ትንሽ ኳስ በበትር እየመቱ ሩቅ ካለ ጠባብ ጉድጓድ ማስገባት ነው። በትርና ኳስ ስላለበት ከገናችን ጨዋታ ጋራ የሚዛመድ ይመስላል። በገና ግን ሁለት ወገን ተሰልፎ ሩሩን ይነጣጠቃል፤ በጎልፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ ብቻ ይመታል እንጂ የባልንጀራውን አይነካም። የጉድጓዶቹ ቍጥር 18 ነው። ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በታላላቆቹ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ አራት ዙር፥ ማለት 72 ጉድጓድ ይጫወታሉ፤ በመጨረሻ እኩል የሆኑ ቢገኙ የመለያ ጨዋታ ይደረጋል። አንዱን ዙር ከ70 ምት በታች መጨረስ የጥቂት ሰዎች ችሎታ ነው።

ባይረን ኔልሰን በየካቲት ወር 1912 በቴክሳስ አገር ዋክሳሃቺ ከምትባል ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ11 ዓመቱ ታይፎይድ በሚባለው የተስቦ ሕመም ተይዞ ከሞት አፋፍ ደረሰ፤ የሰውነቱ ክብደት ግማሽ ያህል እስኪቀንስ ድረስ መነመነ። በኋላ እንደ ተናገረው ልጅ ሳይወልድ የቀረው በዚህ በሽታ ምክንያት ነው። ከሕመሙ ከዳነ በኋላ በፎርት ዎርዝ ከተማ ግሌን ጋርደን በሚባለው የጎልፍ ክበብ የተጫዋቾችን በትር እየተሸከመ ሳንቲም የሚያገኝ ልጅ ሆነ። ከርሱ ጋራ በዚያው ሥራ ላይ በዚያው ዓመት የተወለደ ሌላ ልጅ ነበረ፤ እርሱም በኋላ ዝናው በዓለም የተሰማው ቤን ሆገን ነው። በ1927 የገና በዓል ለበትር ተሸካሚዎቹ የዘጠኝ ጉድጓድ ውድድር ቢደረግላቸው ሁለቱ እኩል ወጡ፤ ዘጠኝ ጉድጓድ ተጨምሮ ቢጫወቱ ኔልሰን በአንድ ምት አሸነፈ። ክበቡም የልጆች አባልነት ለኔልሰን ሰጠ፤ ሆገን ግን አላገኘም። አንዲት ምት የሁለት ልጆችን መንገድ እንዲህ ስትለይ ማየት ያስደንቃል። ስለዚህ ነገር ሆገን ምን ያህል እንደ ተሰማው በኋላ በሜዳ ላይ ካሳየው ትጋት መገመት ይቻላል።

ኔልሰን በ1932 ጎልፍን መተዳደሪያው አደረገ። ዘመኑ በአሜሪካ ታላቅ የኑሮ ችግር የነበረበት፥ ባንክ የሚዘጋበት፥ ሠራተኛም ከሥራ የሚባረርበት ጊዜ ስለ ነበረ ለአንድ የገበሬ ልጅ በትር ይዞ መውጣት ዕብደት ይመስል ነበር። በቴክሳርካና ከተማ የክበብ አስተማሪ ሆኖ ሳለ ሉዊዝ ሾፍነር ከምትባል ልጃገረድ ጋራ ተዋወቀ። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ለመወዳደር ለስንቅ የሚሆን ገንዘብ ባጣ ጊዜ አበዳሪው የዚህችው ልጃገረድ አባት ነበረ። እንግዲህ ልጁን ሊያገባ ያሰበ ሰው የአማቱ ባለ ዕዳ ሆኖ መጀመሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ኔልሰን ግን ጥቂት ቈይቶ በቴክሳስ ውድድሮች ባገኘው ሽልማት ዕዳውን ከፈለ፤ በሰኔ 1934ም ተጋቡ።

ከጋብቻቸው በኋላ ስላሳለፉት የመጀመሪያ ዓመት ራሱ ኔልሰን ደጋግሞ የሚተርከው አንድ ነገር ነበረ። የዚያን ጊዜ የጎልፍ በትር እጀታ ሂኮሪ ከሚባለው እንጨት ወደ ብረት እየተለወጠ ነበር። ኔልሰንም ለመጀመሪያው ረጅም ምት የሚሆነውን ትልቁን በትር አልስማማ ብሎት አንዱን እየጣለ ሌላ ይገዛ ነበር። ወይዘሮ ሉዊዝ ዝም ብላ ከቈየች በኋላ አንድ ቀን እንዲህ የሚል ፍሬ ነገር ያለው ቃል ነገረችው ይባላል፤ ከተጋባን ጀምሮ እኔ አንድ ቀሚስ እንኳ ሳልገዛ አንተ አራት በትር ገዛህ፤ እንግዲህ ወይ የምትፈልገውን በትር አታውቀውም፥ ወይ መምታቱን አታውቅበትም አለችው። ኔልሰን ይህን ሲያወራ ሚስቱ ትክክለኛ እንደ ነበረች ሳይደብቅ ይመሰክር ነበር። እኛም ይህን ከብዙ አሠልጣኞች ምክር አብልጠን እናየዋለን። የብረቱ እጀታ እንደ እንጨቱ ስለማይጠማዘዝ አመታቱም መለወጥ ነበረበት። እጁን ከማዞር ይልቅ እግሩንና ወገቡን ወደ ፊት እየነዳ፥ ኳሱን ቀጥ ባለ መስመር የሚመታበትን ስልት ቀስ በቀስ ፈለገና አገኘ። ብዙዎች አሁን ያለውን የጎልፍ አመታት የጀመረው እርሱ ነው ይላሉ። በኋላም አንድ ፋብሪካ በትሮችን ለመፈተን ኳስ የሚመታ መኪና ሲሠራ የርሱን አመታት አብነት አደረገ፤ መኪናውንም የብረቱ ባይረን ብለው ጠሩት።

በ1937 በጆርጂያ አገር በኦገስታ ከተማ በሚደረገው ማስተርስ በተባለው ውድድር ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ገነነ። በመጨረሻው ቀን ራልፍ ጎልዳል የተባለው ተጫዋች ይመራ ነበር። ጎልዳል 12ኛውንና 13ኛውን ጉድጓድ በ5 እና በ6 ምት ሲጨርስ፥ ከኋላ የመጣው ኔልሰን በ2 እና በ3 ምት ጨረሳቸው። በሁለት ጉድጓድ ብቻ የስድስት ምት ልዩነት ሆነ ማለት ነው። በዚያ ሥፍራ ያለው የድንጋይ ድልድይ ከ1958 ጀምሮ በስሙ ይጠራል።

በ1939 ደግሞ የአገሩን ታላቅ ውድድር የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕንን አሸነፈ፤ ይህም በሦስት ሰዎች እኩልነትና በሁለት ቀን የመለያ ጨዋታ የተገኘ ነው። በመጀመሪያው ቀን እርሱና ክሬግ ዉድ በ68 ምት እንደገና እኩል ሆኑ፤ በማግስቱ ግን በአራተኛው ጉድጓድ ላይ ከሩቅ የመታት ኳስ ተንከባልላ ከጉድጓዱ ገባች፤ 70 በ73ም አሸነፈ። በ1940 በሙያው የሚተዳደሩት ሁሉ አንድ ለአንድ የሚጋጠሙበትን የፒ.ጂ.ኤ. ውድድር ሳም ስኒድን ረትቶ ወሰደ። ስኒድም የተወለደው በዚያው በ1912 ነው። ሦስቱ ታላላቆች፥ ኔልሰን፥ ስኒድና ሆገን በአንድ ዓመት ውስጥ መወለዳቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ሲነገር ይኖራል።

በ1942 ደግሞ በማስተርስ ከልጅነት ባልንጀራው ከሆገን ጋራ እኩል ወጣና የመለያ ጨዋታ ሆነ። ኔልሰን ከታላቅ ውድድር በፊት ሆዱ የሚታወክበት ሰው ነበር፤ ያን ሌሊትም ሲያስመልሰው አደረ። ሆገን መጥቶ ቢያየው ጨዋታው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ብሎ ጠየቀው፤ ኔልሰን ግን እምቢ አለ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ጉድጓዶች ሦስት ምት ወደ ኋላ ቢቀርም በመጨረሻው 69 በ70 አሸነፈ። የሆገን ጥያቄ ለኛ ከዋንጫው ይበልጣል፤ ባላጋራው ታሞ ሳለ ሊያሸንፈው አልወደደምና።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገብታ ነበር። ኔልሰን ደሙ ቶሎ የማይረጋ ስለ ሆነ ለውትድርና አይበቃም ተብሎ ተመለሰ። ስለዚህ ጀግ ማክስፓደን ከተባለው ባልንጀራው ጋራ በየአገሩ እየዞረ ለቀይ መስቀልና ለወታደሮች መርጃ ገንዘብ የሚሰበሰብባቸውን ብዙ ጨዋታዎች ተጫወተ። በ1944ም ስምንት ውድድሮች አሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ባለ ነበር። ኔልሰን ግን በጨዋታው ሁሉ ላይ ማስታወሻ የሚጽፍበት ደብተር ነበረውና ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ገለጠ። ቢመረምረው ሁለት ነገሮች ደጋግመው ተጽፈው አገኘ፤ አንደኛው በጉድጓዱ አጠገብ የሚመታው አጭር ምት ደካማ መሆኑ፥ ሁለተኛው ሳይጠነቀቅ የሚመታው ምት መብዛቱ ነው። መዝገብ በመጻፍ ለምንተዳደር ሰዎች ይህ ነገር እጅግ ደስ ያሰኛል። ስንቱ ሰው ነው የራሱን ጥፋት በገዛ እጁ ጽፎ፥ በገዛ ራሱ ላይ የሚፈርደው? ኔልሰን በሚመጣው ዓመት አንዲት ምት እንኳ በቸልታ እንዳይመታ ቈረጠ።

የቈረጠበት ሌላም ምክንያት ነበረው። ባልና ሚስቱ ዓመቱን ሙሉ በአውቶሞቢል ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ፥ ከሆቴል ወደ ሆቴል እየተዛወሩ መኖር ሰልችቷቸዋል። ወይዘሮ ሉዊዝ የራሷ የሆነ ቤት ናፈቃት፤ ባሏም የገበሬ ልጅ ነውና መሬትና ከብት ይመኝ ነበር። የኑሮ ችግሩን ዘመን ያየ ስለ ሆነ ደግሞ መሬቱን በብድር መግዛት አልፈለገም። ስለዚህ እያንዳንዷን ምት በዚህ ዓይን ይመለከታት ጀመር። አንድ ውድድር ቢያሸንፍ አንዲት ላም ተገዛች ማለት ነው፤ ሌላ ቢያሸንፍ አንድ ኤከር ተጨመረ፤ ሌላ ቢደግም ዐሥር ኤከር። ይህን ራሱ በኋላ የገለጸው ነው። ተመልካቹ ኳስ ሲንከባለል ሲያይ እርሱ የሚያየው ላም ሲገባ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የ11ዱ ውድድር ተራ የጀመረው በመጋቢት 1945 በማያሚ ከማክስፓደን ጋራ በጥንድ በተጫወተበት ጊዜ ነው። ከዚያም በሻርሎት ከስኒድ ጋራ እኩል ወጥቶ፥ በመለያውም ደግሞ እኩል ሆኖ፥ በሁለተኛው መለያ በአራት ምት ረታው። ግሪንስቦሮ፥ ደርሃምና አትላንታ ተከተሉ። በሰኔ በካናዳ አገር ሞንትሪያል፥ ቀጥሎ ፊላደልፊያ ሆነ፤ በፊላደልፊያ ማክስፓደን ሊያሸንፈው ተቃርቦ ሳለ ኔልሰን የመጨረሻውን ዙር በ63 ምት ጨርሶ ቀደመው። ምስኪን ማክስፓደን! በዚያ ዓመት 13 ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል። የባልንጀራውን ድል እያየ ወዳጅነቱን ሳይተው መኖሩ ራሱን የቻለ ታሪክ ይሆን ነበር። ከዚያ ቺካጎ፤ ከዚያም በኦሃዮ አገር ዴይተን በተባለው ከተማ የፒ.ጂ.ኤ. ውድድር ሆነ።

በዴይተን ተራው ሊቋረጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንድ ለአንድ በሚጋጠሙበት በዚያ ውድድር ማይክ ተርኔሳ የተባለው ሰው አራት ጉድጓድ ሲቀር በሁለት ጉድጓድ ይመራው ነበር። ኔልሰን ግን ሁለቱን ተከታታይ ጉድጓዶች ከተወሰነው በአንድ ምት፥ ቀጥሎ ያለውን በሁለት ምት አሳንሶ ጨረሰና በመጨረሻው በአንድ ጉድጓድ አለፈ። ተርኔሳ ያን ያህል አሳምሮ ተጫውቶ መሸነፉ ለተመልካች ሁሉ ያሳዝን ነበር። በመጨረሻው ግጥሚያ ኔልሰን ሳም በርድን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያም በቺካጎ አጠገብ ታም ኦሻንተር በሚባለው ሥፍራ በ11 ምት ልዩነት አሸነፈ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሽልማትም ያን ጊዜ የተሰጠው ነው። አብዛኛው ሽልማት የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በጦርነት ብድር ሰነድ መሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል። የመጨረሻው 11ኛው ድል በነሐሴ መጀመሪያ በቶሮንቶ አጠገብ የተደረገው የካናዳ ኦፕን ነው።

ተራው እየረዘመ ሲሄድ ጋዜጠኛውና ተመልካቹ ሌሊትና ቀን ዕረፍት ነሡት። አንድ ቀን ጧት ለሚስቱ፥ ዛሬስ ተበላሽቶብኝ በተገላገልሁ አላት። ማታ ተመልሶ ሲገባ ወይዘሮ ሉዊዝ፥ እንዳልኸው ተበላሸብህን? ብትለው፥ አዎን፥ በ66 ጨረስሁ ብሎ መለሰላት ይባላል። በሜምፊስ ከተማ ግን በነሐሴ ተራው ተቋረጠ፤ ያሸነፈውም ለገንዘብ የማይጫወተው ፍሬድ ሃስ ነበር። ኔልሰን አራተኛ ከወጡት ጋራ እኩል ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ኖክስቪል ሄዶ እንደገና አሸነፈ።

አንዳንድ ሰዎች ብርቱዎቹ ተጫዋቾች በጦርነቱ ስለ ነበሩ ድሉ ቀለለ ይላሉ። ይህ ክርክር ከመሠረቱ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ከፊሎቹ በውትድርና ላይ ነበሩና። ነገር ግን ሁለት ነገር መመዘን ያስፈልጋል። ስኒድ በዚያ ዓመት ይጫወት ነበር፤ ስድስት ውድድሮችም አሸንፏል፤ ሆገንም በዓመቱ መጨረሻ ተመልሶ ነበር። ሁለተኛው ምት ራሱ ነው፤ ጉድጓዱ ማን እንደ ሄደና ማን እንደ ቀረ አያውቅም። ኔልሰን በዚያ ዓመት በየዙሩ የመታው በአማካይ 68.33 ሲሆን ይህ ቍጥር እስከ 2000፥ ታይገር ዉድስ እስከ ተነሣበት ዘመን ድረስ አልተሻረም። ሆገን በመከር ወራት በፖርትላንድ 72ቱን ጉድጓድ በ261 ምት ጨርሶ አዲስ መዝገብ ባቆመ ጊዜ፥ ኔልሰን ሁለት ሳምንት ቈይቶ በሲያትል በ259 ሻረው። ዳኛ ብንሆን ኖሮ ክርክሩን በዚህ እንዘጋው ነበር።

በ1946 ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር ደረሰበት። በክሊቭላንድ አጠገብ በካንተርበሪ በተደረገው የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕን ተመልካቹ እየተጋፋ ሳለ በትሩን የሚሸከምለት ሰው በገመዱ ሥር ጐንበስ ብሎ ሲያልፍ የኔልሰንን ኳስ ሳያያት በእግሩ ነካት። በሕጉ መሠረት በኔልሰን ላይ አንድ ምት ተቈጠረበት። በመጨረሻው ሦስት ሰዎች እኩል ሆኑ፤ በመለያው ጨዋታም ሦስቱም በ72 ምት እንደገና እኩል ወጡ፤ በሁለተኛው መለያ ሎይድ ማንግረም በአንዲት ምት ቀደማቸው። ያችኛዋ ምት ባትቈጠርበት ኖሮ መለያም ባላስፈለገ፥ ዋንጫውም የርሱ በሆነ ነበር። ሕግ ግን ኳሷን ማን ነካት እንጂ ማን አሰበ ብሎ አይጠይቅም፤ ኔልሰንም ፍርዱን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት መሬቱ ተገዛ። ሥፍራው ከፎርት ዎርዝ በስተ ሰሜን ሮአኖክ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው፤ ስፋቱም ከ600 ኤከር ይበልጣል። ያለ ዕዳ የተገዛ ነበር። በነሐሴ ወር ኔልሰን በየሳምንቱ መወዳደሩን ማቆሙን አስታወቀ። ዕድሜው 34 ዓመት ነበር። ብዙዎች ይህን ቢሰሙ ተደናገጡ፤ በጨዋታው ላይ ቢቈይ ሊያገኝ የሚችለውን እያሰሉ አላዋቂ አሰኙት። በእርግጥም ሆገንና ስኒድ ከዚያ በኋላ ብዙ ታላላቅ ዋንጫዎች ወሰዱ። ኔልሰን ያሸነፋቸው አምስት ታላላቅ ውድድሮች ከነርሱ ቢያንሱም፥ በጠቅላላው 52 የማኅበሩን ውድድሮች አሸንፏል፤ በ113 ተከታታይ ውድድሮችም ከሽልማት አልጐደለም። በኛ ሐሳብ ግን ሰውየውን የሚወቅሱት ምን ለማግኘት እንደ ተጫወተ ዘንግተው ነው። ላሟ ከተገዛች በኋላ ለምን ገበያ ላይ አልቈየህም ተብሎ አይጠየቅም።

በሮአኖክ ሄርፎርድ የሚባሉትን ቀይና ነጭ ከብቶች ያረባ ጀመር። በትሩን ግን ጨርሶ አልጣለም፤ በ1951 በካሊፎርኒያ አንድ ውድድር፥ በ1955 ደግሞ የፈረንሳይን ኦፕን አሸንፏል። ኬን ቬንቹሪና ቶም ዋትሰን የተባሉትን ታላላቅ ተጫዋቾችም አስተምሯል። ከ1968 ጀምሮ በዳላስ አካባቢ የሚደረገው ውድድር በስሙ ተጠራ፤ በአሜሪካ ማኅበር በአንድ ተጫዋች ስም የተጠራ የመጀመሪያው ውድድር ይህ ነው። ከውድድሩ የሚገኘው ገንዘብ ለተቸገሩ ልጆችና ቤተ ሰቦች መርጃ ይውላል። ለራሳቸው ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት በስማቸው የብዙ ልጆች ወጪ ሲሸፈን ማየታቸው ደስ ሳያሰኛቸው አልቀረም።

ወይዘሮ ሉዊዝ በእርጅናዋ ዘመን የአንጎል ደም መፍሰስ ሕመም ደጋግሞ ያዛት። ኔልሰን በዚያ ጊዜ ሁሉ ከአጠገቧ አልተለየም፤ በ1985 ዐረፈች። በሚቀጥለው ዓመት ፔጊ ሲመንስን አገባ። በቤቱ አጠገብ በሠራው የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ለወዳጆቹ የሚሰጣቸውን ዕቃዎች እየሠራ፥ ለወጣት ተጫዋቾችም በገዛ እጁ ደብዳቤ እየጻፈ ዕድሜው ረዘመ። በመስከረም 26 ቀን 2006 በ94 ዓመቱ ሞተ። የአሜሪካ ምክር ቤት የወርቅ ሜዳይ እንዲሰጠው የወሰነው ሕግ የተፈረመው በሚቀጥለው ወር ስለ ሆነ ሜዳዩ በዓይኑ አልታየም። የሞተው ግን በ1946 በገዛው በዚያው በሮአኖክ መሬት ላይ፥ በቤቱ ነው።